ጫማው ይውለቅ፦ የደም ስርና የሊምፍ ምርመራ ለጀማሪ ነርሶች

ባሕር ዳር ውስጥ ባለ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ዋርድ ነርስ ነኝ። በየዓመቱ ተለማማጅ ተማሪዎች ይመደቡልኛል። ልብና ሳንባ ለማዳመጥ ይሽቀዳደማሉ። እግር ጋ ሲደርሱ ግን ብርድ ልብሱን ገለጥ ያደርጉና "እብጠት የለም" ብለው ጽፈው ያልፋሉ። አንዳንዴ በሽተኛው ካልሲውን እንኳ አላወለቀም።

ይህን የምጽፈው ለእነሱና እንደነሱ ለጀማሪ ለሆናችሁ ሁሉ ነው። ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ሁለት እጅ፣ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ እስክሪብቶ፣ የደም ግፊት መለኪያ ይበቃል። ዶፕለር (የደም ፍሰትን በድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ) ካለ እሰየው፤ ከሌለም ሥራው አይቆምም። የማይቀሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። ሁለቱም እግሮች እስከ ጭን ድረስ ይገለጡ። ግራና ቀኙ ጎን ለጎን ይታዩ። አንዱን እግር ብቻ ያየ ነርስ ምንም አላየም ብዬ ነው የማስተምረው።

መጀመሪያ ወሬውን ስሙ

በሽተኛ ሕመሙን በመማሪያ መጽሐፍ ቋንቋ አይነግራችሁም። ከአዴት ወይም ከመራዊ የመጣ ገበሬ "ስሄድ ባቴን ሸምቅቆ ይይዘኛል፤ ቆም ስል ይለቀኛል" ካላችሁ ጆሯችሁ ይቁም። ወደ እግር ደም የሚወስደው ደም ቅዳ ሳይጠብ አልቀረም። ጎረቤት "ቁርጥማት ነው"፣ "ብርድ መትቶህ ነው" ብሎት ዓመት አሳልፎ ሊሆን ይችላል።

ርቀቱን በሜትር አትጠይቁ። "አባባ፣ ከቤትዎ ቤተ ክርስቲያን እስኪደርሱ ስንት ጊዜ ያርፋሉ? አምናስ?" በሉ። አምና ሳያርፉ ይደርሱ የነበሩ ሰው ዘንድሮ መንገድ ላይ ሁለት ሦስቴ ድንጋይ ላይ የሚቀመጡ ከሆነ ነገሩ እየባሰ ነው። ቀጥሎ የሌሊቱን ጠይቁ። "እግርዎን ከአልጋ አንጠልጥለው ነው የሚተኙት?" አዎ ካሉ፣ በተኙበትም ደም እያጠረ ነውና ለሐኪሙ ዛሬውኑ ይነገር።

ደሙን ወደ ልብ የሚመልሰው የደም መልስ ችግር ወሬው ሌላ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆማ እንጀራ ስትጋግር የምትውል ሴት "ማታ እግሬ ይከብደኛል፤ ትራስ ላይ ሰቅዬ ስተኛ ይቀለኛል" ትላችኋለች። ደም ቅዳው የጠበበበት ሰው እግሩን ሲሰቅል ይብስበታል፤ ደም መልሱ የደከመበት ሲሰቅል ይሻለዋል። ይህችን ከያዛችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

ስኳር፣ ግፊትና ሲጋራ ሳይጠየቁ አይታለፉም። የቅርብ ቀዶ ሕክምና፣ ወሊድ፣ የልብ በሽታ፣ ከዚህ በፊት የረጋ ደምም እንዲሁ። እኛ አካባቢ ሁለት ጥያቄ ይጨመራል። አንደኛ፣ ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ያደርጉ ነበር? ሁለተኛ፣ ለሰሊጥ ሥራ መተማ ወይም ሁመራ ወርደው ያውቃሉ? ለምን እንደምጠይቅ ወደታች ስትደርሱ ታዩታላችሁ።

ሙቀቱ ይቅደም፣ ውሃው ይከተል

ጠዋት ከጣና የሚመጣው ነፋስ ዋርዱን ያቀዘቅዘዋል። በቀዘቀዘ ክፍል የጤነኛውም እግር ይቀዘቅዛል፤ ትርታውም ይደበቃል። መስኮቱን ዝጉ፣ ጋቢያቸውን ደርቡላቸው፣ ትንሽ ቆዩ። የሚያዝያ ከሰዓት ደግሞ ተቃራኒው ነው። ሙቀቱ ደም መልሶችን ያሰፋቸዋል፤ የጤነኛ ሰው ቁርጭምጭሚትም ትንሽ ሊያብጥ ይችላል።

ሙቀት የሚለካው በእጅ ጀርባ ነው። ሁለቱን እጆቻችሁን በሁለቱ እግሮች ላይ በአንድ ጊዜ አድርጉና ከጉልበት ወደ ጣት ቀስ እያላችሁ ውረዱ። ሁለቱም እኩል ከቀዘቀዙ ምናልባት ክፍሉ ነው። አንዱ ብቻ ከሆነ ነገር አለ። ቅዝቃዜው የሚጀምርበትን ቦታ አስታውሱ፤ መዘጋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ከፍ ብሎ ነው።

ይህን ከጨረሳችሁ በኋላ ብቻ ገበታ ሙሉ ለብ ያለ ውሃ አምጡ። ቀድማችሁ ካጠባችሁ ሙቀቱን ታበላሹታላችሁ። የውሃውን ልክ በራሳችሁ ክርን ሞክሩ፤ የስኳር ሕመምተኛ እግር ሲቃጠልም ላይሰማው ይችላል።

ውሃው ሌላም በር ይከፍታል። አንድ አባት ኮንጎ ጫማቸውን አላወልቅም ብለው ነበር። "ልጄ፣ የኔ እግር የሚታይ አይደለም" አሉኝ። "አባባ፣ ይፍቀዱልኝ፤ እኔው ላጥብዎት" ስላቸው ዝም ብለው ዘረጉልኝ። ከመንገድ የመጣን እንግዳ እግር ማጠብ ያደጉበት ነገር ነው፤ ከሕክምና ይልቅ እሱ ነው የገባቸው። ጭቃው ሲለቅ በሦስተኛውና በአራተኛው ጣት መካከል ቁስል ወጣ። ጠርዙ ክብ፣ መደቡ ነጣ ያለ፣ ደም የማይታይበት። ከጭቃው ጋር አንድ መስሎ ስለነበር ሳይታጠብ የሚያየው ሰው አልነበረም።

ቁስልን በቦታው መለየት ልመዱ። ጣት ጫፍ፣ ጣት መካከልና ተረከዝ ላይ ያለ፣ ተበስቶ የወጣ የሚመስልና የሚያም ቁስል ወደ ደም ቅዳ ያመለክታል። ከውስጠኛው የቁርጭምጭሚት አጥንት በላይ ያለ፣ ጠርዙ የተዘበራረቀ፣ ውሃ የሚያዥና ዙሪያው የጠቆረ ቁስል ደግሞ ወደ ደም መልስ። ውስጥ እግር ላይ ያለ የማያም ቁስል የስኳርና የነርቭ ነው።

በእኛ ቆዳ ላይ ቀለም

መጻሕፍቱ "ይነጣል፣ ይቀላል" ይላሉ። በጥቁር ቆዳ ላይ መንጣት አመድማ ሆኖ ይታያል። መቅላትም ብዙ ጊዜ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል፤ ወይም ዙሪያው ካለው ቆዳ ጠቆር ይላል። ስለዚህ ዓይናችሁን ብቻ አትመኑ፤ መዳፍን፣ ውስጥ እግርንና የጥፍርን ሥር እዩ፤ በእጃችሁም ዳስሱ።

እንሶስላ የሞቀች ሴት ስትገጥማችሁስ? ጥፍሯም መዳፏም ውስጥ እግሯም ቀልቷል። የጥፍር ቀለምም ያው ነው። ያን ጊዜ ለደም ማነስ የታችኛውን የዓይን ሽፋንና የከንፈርን ውስጥ እዩ። የደም መመለሻውን ጊዜ ቀለም ያልነካው ቦታ ላይ ሞክሩ። እንሶስላ እንዳለባትም ቻርቱ ላይ ጻፉ፤ ቀጣዩ ነርስ "ሮዝ ነው" ብሎ እንዳይሳሳት።

የደም መመለሻ ጊዜ ማለት ካፒላሪ ሪፊል የምንለው ነው። ጥፍሩን እስኪነጣ ጫን፣ ልቀቅ፣ ቁጠር። ቀለሙ በ2 ሰከንድ ውስጥ መመለስ አለበት። በቀዘቀዘ ክፍል ይዘገያል፤ ስለዚህ ብቻውን ማስረጃ አታድርጉት።

ቆዳው ብርቅርቅ ብሎ ከሳሳ፣ ባቱ ላይ ያለው ፀጉር ካለቀ፣ ጥፍሩ ወፍሮ ከተጣመመ፣ ይህ የደም እጥረት የቆየ ምልክት ነው።

ትርታ ፍለጋ

በአውራ ጣት ትርታ አይፈለግም፤ የራሳችሁን ትቆጥራላችሁ። ሁለት ወይም ሦስት ጣት፣ በቀስታ። ተማሪዎች ሲጠፋባቸው ይበልጥ ይጫናሉ፤ የእግር ደም ቅዳ ግን ሲጫኑት ይደፈጠጣል። ላላ አድርጉት። የማን ትርታ እንደሆነ ከተጠራጠራችሁ በሌላ እጃችሁ የበሽተኛውን የእጅ አንጓ ያዙና አብረው ይመቱ እንደሆነ እዩ።

እጅ ላይ ያለው ቀላል ነው፤ ራዲያል በአንጓው የአውራ ጣት በኩል፣ ብራኪያል በክርን እጥፋት ውስጥ። አንገት ላይ ያለውን ካሮቲድ ግራና ቀኙን በአንዴ አትያዙ፤ ሰውዬው ሊወድቅባችሁ ይችላል።

የሚያስቸግሩት የታችኞቹ ናቸው። ለፌሞራል መጋረጃ ሳቡ፣ አስፈቅዱ፣ ሴት ከሆነች ሴት አብራችሁ ትቁም። ቦታው ብሽሽት እጥፋት ሥር፣ ከፊት ያለው የዳሌ አጥንት ጫፍና የብልት አጥንት መካከል ነው። ፖፕሊቲያልን ለማግኘት ጉልበቱን ትንሽ እጠፉት፣ አውራ ጣቶቻችሁን ከፊት አሳርፉና የቀሩትን ጣቶች ቋንጃው ውስጥ ጠለቅ አድርጉ። ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ፤ ጥልቅ ነው። ፖስቴሪየር ቲቢያል ከውስጠኛው የቁርጭምጭሚት አጥንት ጀርባ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይገኛል። የእግር ጀርባ ላይ ያለውን ዶርሳሊስ ፔዲስን ስትፈልጉ ሰውዬው የእግሩን አውራ ጣት ወደ ላይ ያንሳ። የሚወጣ ጅማት ታያላችሁ፤ ከዚያ ጅማት በትንሿ ጣት በኩል ነው። በጥቂት ጤነኛ ሰዎች ላይ ይህ ትርታ ከተፈጥሮም አይገኝም። ስለዚህ እሱ ብቻ ጠፋ ብላችሁ አትደንግጡ፤ ከሌሎቹ ጋር አገናዝቡት።

ያገኛችሁበት ቦታ ላይ በእስክሪብቶ ኤክስ አድርጉ። ቀጣዩ ድዩቲ ሲመጣ ፍለጋ ከዜሮ አይጀምርም። ጥንካሬውን በቁጥር ጻፉ፤ 0 የለም፣ 1 ደካማ፣ 2 ደህና፣ 3 የሚዘል። አንዳንድ ቦታ እስከ 4 ይቆጥራሉ፤ ስለዚህ ሁልጊዜ "2 ከ3" ብላችሁ ጻፉ።

ከተጠራጠራችሁ ሁለት ፈተና አለ። አንደኛው፣ በሽተኛው ተኝቶ ሁለቱንም እግሮች ወደ 60 ዲግሪ አንሱና ለ1 ደቂቃ ያህል ያዙ። ከዚያ ተቀምጦ ያንጠልጥል። የጤነኛ እግር ቀለም በ10 ሰከንድ ገደማ ይመለሳል፤ የእግር ጀርባው ሥሮች በ15 ሰከንድ ገደማ ይሞላሉ። የታመመው ሲነሳ አመድ ይመስላል፤ ሲንጠለጠል ቆይቶ ጥቁር ቀይ ይሆናል።

ሁለተኛው ኤቢአይ ነው። ዶፕለር ያላችሁ ሥሩት። የቁርጭምጭሚትን የላይኛውን ግፊት (ሲስቶሊክ) በክንድ የላይኛው ግፊት ማካፈል ነው። ክንድ 128፣ ቁርጭምጭሚት 96 ከሆነ 0.75 ይመጣል። 0.90 እና ከዚያ በታች የጠበበ ደም ቅዳ ነው። ከ1.40 በላይ ከሆነ ደስ አይበላችሁ፤ በስኳር የጠጠረ ደም ቅዳ በመለኪያው ስለማይጨመቅ ቁጥሩ በውሸት ከፍ ይላል።

የማይጠብቁ ሦስት እግሮች

የመጀመሪያው በድንገት የቀዘቀዘው ነው። አንድ እግር በድንገት አመመ፣ አመድ መሰለ፣ ቀዘቀዘ፣ ትርታው ጠፋ፣ ደነዘዘ፣ ጣቱን ማንቀሳቀስ አቃተው። ስድስቱ እስኪሟሉ አትጠብቁ። መደንዘዝና አለመንቀሳቀስ ከመጡ ሰዓቱ እያለቀ ነው፤ ሥጋው የሚቆጥረው በሰዓታት ነው። በሽተኛው ወጣት ነው ብላችሁም አትዘናጉ። አገራችን የሩማቲክ የልብ በሽታ የበዛበት አገር ነው። ልብ ውስጥ የረጋ ደም ተነቅሎ የ25 ዓመት ወጣት እግር ሊዘጋ ይችላል። ልቡን አዳምጡ፤ ምቱ የተዘበራረቀ እንደሆነ ንገሩ።

ሁለተኛው የአራስ እግር ነው። አራስ ትተኛለች፤ ትታቀፋለች፤ ትንቀሳቀስ የሚላት የለም። በእርግዝናና በወሊድ ጊዜ ደም የመርጋት ዝንባሌው ራሱ ይጨምራል፤ ብዙ ጊዜም የግራው እግር ነው የሚያዘው። ባቷ ሲያብጥ እናት ቅቤ አምጥታ ታሸዋለች፤ ወይ ወጌሻ ይጠራል። እባካችሁ ይህን አስቁሙ። የረጋ ደም ያለበት ባት ሲታሽ ደሙ ተነቅሎ ሳንባ ውስጥ ሊገባና ሊገድል ይችላል። እናቲቱን አትቆጡ፤ ልጇን ልትረዳ ነው። "እማማ፣ ቅቤው ለገንፎው ይሁን፤ እግሩን ግን ሐኪም እስኪያየው አንነካውም" በሏት።

መለካቱ እንዲህ ነው። ከጉልበት በታች ከፊት ከሚወጣው የአጥንት ጉብታ 10 ሳንቲ ሜትር ወርዳችሁ በሁለቱም እግሮች ላይ መስመር አስምሩ። እዚያው ላይ በሜትር ዙሩ። ከ3 ሳንቲ ሜትር በላይ ልዩነት ካለ ደም መርጋት ያሳስባል። ሜትሩን አታጥብቁት፤ መስመሩንም አታጥፉት፤ ነገ እዚያው ላይ ነው የሚለካው። እግሩን ወደ ላይ አጥፎ "ባትዎን አመመዎት?" የሚለውን የቆየ ፈተና እኔ አላስተምርም። አሞትም ሳያመውም ምንም አያረጋግጥም። ትንፋሽ ካጠራት ወይም ደረቷን ከወጋት ደግሞ ሜትሩን ትታችሁ ሐኪም ጥሩ።

ሦስተኛው በቀርከሃ የታሰረው ነው። ልጅ ከዛፍ ይወድቃል፤ ወጌሻ በቀርከሃ ጥርቅም አድርጎ ያስራል። በሁለተኛው ቀን ሲመጣ ጣቶቹ አብጠው ጠቁረዋል። ማሰሪያው ሥጋውን አፍኖታል። ጣቱን ቀስ አድርጋችሁ ዘርጉት። ስትዘረጉት ከጮኸ፣ ከመጠን በላይ ካመመው፣ ትርታ አለ ብላችሁ አትረጋጉ። በታፈነ ጡንቻ ውስጥ ትርታ እስከ መጨረሻ ሊቆይ ይችላል። ማሰሪያውን የሚፈታ ሐኪም ወዲያው ይጠራ። በጂፕሰም የታሰረም ቢሆን ሕጉ አንድ ነው።

እብጠትና ሊምፍ

እብጠት ሲታይ በአውራ ጣት የእግር አገዳ አጥንት ላይ ቢያንስ 5 ሰከንድ ተጫኑ። የሚቀረው ጉድጓድ 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ 1፣ 4 ከሆነ 2፣ 6 ከሆነ 3፣ 8 ከሆነ 4 ይባላል። አልጋ ላይ የዋለ ሰው እብጠቱ ወገቡ ሥር ነው የሚጠራቀመው፤ አገላብጣችሁ እዩ። ሁለቱም እግሮች እኩል ካበጡ ልብ፣ ኩላሊትና ጉበት ይታሰባሉ። በጣና ዳር አሳ የሚያሰግር ወይም ፎገራ ሩዝ ማሳ ውስጥ የሚውል ሰው ሆዱም ከተነፋ ብልሃርዚያን ጨምሩ። አንዱ ብቻ ካበጠ የረጋ ደም፣ ኢንፌክሽን ወይም የሊምፍ (ከሥጋ ውስጥ ፈሳሽ የሚመልሰው መስመር) ችግር ይታሰባል።

ጎጃም ውስጥ ዝሆኔ ብዙ ታያላችሁ። በሕክምና ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። በቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር በመሄድ ይመጣል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠራ ነው ከአፈሩ ጋር ያለውን ግንኙነት አጥንቶ ያሳየው። አይተላለፍም፣ እርግማን አይደለም፣ መተት ረግጠውም አይደለም። ሰዎቹ ግን ይህን ሁሉ ሲባሉ ኖረዋል፤ ሠርግና ለቅሶ የቀሩ አሉ። እግራቸውን ስታዩ ፊታችሁን አትቋጥሩ፤ አፍንጫችሁንም አትያዙ። ቀድመው የሚያዩት ፊታችሁን ነው።

ከእግር ጣት ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል፤ ብዙውን ጊዜ ከጉልበት አያልፍም። ሁለቱንም እግሮች ይይዛል፤ እኩል ግን ላይሆን ይችላል። መጀመሪያ ላይ የእግር ጀርባ ያሳክካል፣ ሌሊት ውስጥ እግር ያቃጥላል፣ ጣቶች ይገትራሉ። የሁለተኛውን ጣት ሥር ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥጣችሁ ለማንሳት ሞክሩ። ካልተነሳ የሊምፍ እብጠት ነው። በትንኝ የሚመጣው ፋይላሪያ በአብዛኛው ከአንድ ወገን ያይላል፣ ከጉልበት በላይና የወንድ ብልት ከረጢት ድረስም ይደርሳል፣ በቆላ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ጋምቤላ ወይም ቤኒሻንጉል ኖሮ እንደሆነ ጠይቁ። በጥጥ ጫፍ ነክታችሁ ይሰማው እንደሆነም ሞክሩ፤ የማይሰማው ከሆነ ሥጋ ደዌ ይመርመር።

ለዝሆኔ ነርስ የምትሠራው ብዙ ነው። በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ በጣቶች መካከል ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ፋሻ፣ እግር ከፍ አድርጎ መቀመጥ፣ ካልሲና የሚመች ጫማ። በድንገት ከሞቀ፣ ካመመና ትኩሳት ከመጣ ኢንፌክሽን ነው፤ ያን ሰሞን ፋሻው ይፈታ።

የሊምፍ ዕጢዎችን በጣት ጫፍ፣ በክብ እያዞራችሁ ዳስሱ። አንገት ላይ ከጆሮ ፊት ጀምሩ፣ ከጆሮ ጀርባ፣ ማጅራት፣ መንጋጋ ሥር፣ አገጭ ሥር፣ የአንገቱ ጎን፣ መጨረሻ ከክላቪክል አጥንት (ከደረት ወደ ትከሻ ከሚሄደው) በላይ። ብብት ስትገቡ ክንዱን እናንተ ያዙት፤ በራሱ ካነሳው ጡንቻው ይገትራል። ክርን ላይ ያለችውን ለማግኘት እጁን ጨብጡ፣ ክርኑን እጠፉ፣ ከውስጠኛው የክርን አጥንት 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብላችሁ ፈልጉ። ብሽሽት የመጨረሻዋ ናት።

መጠኑን፣ ልስላሴውን፣ ማመሙን፣ መንቀሳቀሱን ጻፉ። በባዶ እግር በኖረ ሰው ብሽሽት ላይ ትናንሽ፣ ለስላሳ፣ የሚንሸራተቱ ዕጢዎች መገኘት የተለመደ ነው። "ንፍፊት ወጣብኝ" ካላችሁ እግሩን ተመልከቱ፤ ቁስሉ እዚያ ነው። አንገት ላይ እርስ በርስ የተጣበቁ፣ ብዙም የማያሙ፣ አንዳንዴም መግል የሚያፈሱ ከሆኑ የዕጢ ቲቢ አስቡ። ድንጋይ የመሰለ፣ የማይንቀሳቀስና የማያም ዕጢ ካንሰር ሊሆን ይችላል። በተለይ በግራ ክላቪክል በላይ ያለ ዕጢ ምንጩ ሆድ ውስጥ ሊሆን ስለሚችል ሳይነገር አይደር። ብዙ ቦታ በአንዴ ካበጡ ኤችአይቪ ይታሰባል። ከመተማ ወይም ከሁመራ የተመለሰ፣ የከሳ፣ ትኩሳት የሰነበተበትና ጣፊያው ያበጠ ወጣት ደግሞ የካላዛር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ) ምርመራ ያስፈልገዋል።

ስትጽፉ

"እግር ደህና" አይባልም። እንዲህ ጻፉ፦ "ቀኝ እግር ከባት አጋማሽ ጀምሮ ከግራው ይቀዘቅዛል። ዶርሳሊስ ፔዲስ ቀኝ 0፣ ግራ 2 ከ3። ፖስቴሪየር ቲቢያል ቀኝ 1፣ ግራ 2 ከ3። ካፒላሪ ሪፊል ቀኝ 5 ሰከንድ፣ ግራ 2። በቀኝ 3ኛና 4ኛ ጣት መካከል 1 ሳንቲ ሜትር ክብ ቁስል፣ መደቡ ነጭ። መንካት ይሰማዋል፣ ጣቱን ያንቀሳቅሳል። 4፡20 ላይ ለተረኛ ሐኪም ተነግሯል።"

ሰዓቱን አትርሱ። ድዩቲ ስትቀያየሩ ከሚረከባችሁ ነርስ ጋር አልጋው ጋ ሂዱና ያንኑ ትርታ ሁለታችሁም ዳስሱ። እግሩ ከታጠበ የእስክሪብቶው ምልክት ለቅቆ ሊሆን ስለሚችል እንደገና አድምቁት።